ጋዜጣው ለእኛ ይሸጣል፤ እኛስ ለማን እንሸጣለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ሁለቱ ከደሴ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ጸሐፊዎቻቸው አስቀድመው የተመካከሩ ይመስል በአንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፤ እርሱም ገንዘብና ባለቤትነት በመገናኛ ብዙኃን ላይ ያላቸው ኃይል ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ለቅቀናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ስለ ፕሬስ ነፃነት ሳስተምር ተማሪዎቼ «የመንግሥት የሆነው ለመንግሥት ይናገራል፤ የግል የሆነው ነፃ ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ግን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ፒያሳ የሚደርሰውን የግል ጋዜጣ ስገልጥ የባንክ፣ የሪል ስቴትና የጨረታ ማስታወቂያ ገጽ በገጽ ይዞ አገኘዋለሁ፤ ስለ ወሎ የሚናገር ዜና ግን እምብዛም አይገጥመኝም። እዚሁ ደሴ ላይ ተዘጋጅቶ የሚታተም የግል ጋዜጣም አላየሁም። ካፒታሊዝም መገናኛ ብዙኃንን የሚቀርጸው በምን መንገድ ነው? ባለቤቱን ማወቅ ብቻስ ይበቃል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ሐሰት አልተናገሩም፤ ግማሹን ግን ትተውታል። ይህም ከታሪካችን የመጣ ይመስለኛል። በአገራችን ጋዜጣ የተወለደው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ»፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከጠላት ወረራ ማግስት በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን»፣ ሁሉም የመንግሥትን እጅ ይዘው የቆሙ ናቸው። የግል ጋዜጦች በብዛት አደባባይ የወጡት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በተለይም በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ከከለከለ ወዲህ ነው። ስለዚህ ለበርካታ ትውልድ ጆሯችን የሠለጠነው የመንግሥትን ድምፅ ለይቶ ለመስማት ነው፤ የገንዘብን ድምፅ ለመለየት ገና አልሠለጠነም። ሳንሱር አድራጊ መቀስ ይዞ የተጻፈውን ይቆርጣል፤ ጸሐፊውም ምን እንደተቆረጠበት ያውቃል። ገበያ ግን ሥራውን የሚጀምረው ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ስለሆነ የቀረው ነገር ለማንም አይታይም።

ይህ አሠራር እንዴት እንደተጀመረ ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 1833 ኒው ዮርክ መመለስ ያስፈልጋል። ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ «ዘ ሰን» የተሰኘ ጋዜጣ አቋቁሞ፣ ሌሎቹ በ6 ሳንቲም ይሸጡ በነበረበት ገበያ የራሱን በ1 ሳንቲም አቀረበው። በዚያ ዋጋ ከአንባቢ ብቻ ማትረፍ የሚታሰብ አልነበረም፤ ዴይ ያሰበው ግን በርካሽ ዋጋ ብዙ አንባቢ ሰብስቦ፣ ያን ሁሉ አንባቢ ማግኘት ከሚፈልገው ነጋዴ የማስታወቂያ ገንዘብ መቀበል ነበር። ዘዴው ተሳካለት፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ ወረቀቱ ለአንባቢው ይሸጣል፣ የአንባቢው ዓይን ደግሞ ለማስታወቂያ አስነጋሪው። ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲመጡ አድማጩ ምንም ሳይከፍል በነፃ መስማት ጀመረና የመጀመሪያው ሽያጭ ጨርሶ ቀረ፤ ሁለተኛው ብቻ ቆየ።

ወደ ባለቤትነት ስንመጣ፣ በዚህ ሙያ ሀብት በጥቂት እጆች የሚከማችበት አንድ ግልጽ ምክንያት አለ። አንድን ዜና ለማጣራት ጋዜጠኛ፣ ጊዜና የመጓጓዣ ወጪ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ግን ለ1,000 ሰው ማድረስና ለ1,000,000 ሰው ማድረስ የወጪው ልዩነት ጠባብ ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦውን በእጥፍ ለመጨመር ዱቄቱንም በእጥፍ መግዛት አለበት፤ የዜና ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ትልቁ ሁልጊዜ ከትንሹ በርካሽ ይሠራል፤ ትንሹም ወይ ይሸጣል ወይ ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዛቸው የሚችለው የራዲዮ ጣቢያዎች ቁጥር በ40 ተወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህን ጣሪያ ሲያነሣ ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ጠቀለለ። የመዝናኛ ኩባንያው ዲዝኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አብዛኛውን የትዌንቲ ፈርስት ሴንቸሪ ፎክስ ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ይኸው ስሌት ከእኛም ቤት ገብቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን፣ በአብዛኛው የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ገዝቶ በአማርኛ ድምፅ እያስቀዳ ብዙ ተመልካች ያገኘው፣ ተሠርቶ ያለቀን ድራማ መግዛትና መተርጎም አዲስ ድራማ ከመሥራት እጅግ ስለሚረክስ ነው። ተመልካቹ ወዶ ተመልክቷል፤ በዚህ አልወቅሰውም። የአገር ውስጥ ደራሲና ተዋናይ ግን ከእንዲህ ያለ ዋጋ ጋር በእኩል ሊወዳደር አይችልም።

ባለቤቱን ማወቅ ይበቃል ወይ ላሉት፣ ይጠቅማል እንጂ አይበቃም እላለሁ። የአማዞን ኩባንያ መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋሽንግተን ፖስትን በ250 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙዎች ጋዜጣው ከኪሳራ ዳነ ብለው ነበር፤ ለዓመታትም በዜና ክፍሉ ሥራ ጣልቃ ሲገባ አልታየም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ግን የአርታኢ ቦርዱ በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ለአንድ ዕጩ ሊሰጥ የነበረው የድጋፍ መግለጫ በባለቤቱ ውሳኔ ቀረ፤ በቀናት ውስጥም ከ250,000 የሚበልጡ ደንበኞች ምዝገባቸውን ሰረዙ። ከዚህ የምንማረው የባለቤት ሥልጣን በየዕለቱ ባይታይም ሁልጊዜ መኖሩን ነው። ሩፐርት መርዶክ በበኩሉ ከአባቱ የወረሰውን የአውስትራሊያ ጋዜጣ መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1981 የለንደኑን «ዘ ታይምስ» እስከ መግዛት፣ በ1996 ደግሞ ፎክስ ኒውስን እስከ ማቋቋም ሲደርስ የፖለቲካ አቋሙን ከማንም አልደበቀም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስሙ የማይጻፈው፣ በገጹ ግርጌ የሌለው፣ በማስታወቂያ ገንዘቡ ብቻ የሚናገረው ሰው ነው።

የእኛን ሁኔታ ተመልከቱ። ብዙዎቹ የኤፍ ኤም ፕሮግራሞች የሚቀርቡት ከጣቢያው የአየር ሰዓት በገዙ አዘጋጆች ነው። አዘጋጁ ለጣቢያው ከፍሎ ሰዓቱን ይገዛል፤ ከዚያም ያን ገንዘብ የሚመልስለት ስፖንሰር ፍለጋ በየድርጅቱ ደጅ ይጠናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ሲከለክል፣ ክልከላው ለጤና የታሰበና እኔም የምደግፈው ቢሆንም፣ ስንቱ ፕሮግራም በቢራ ገንዘብ ይተነፍስ እንደነበር በአንድ ጊዜ ተገለጠ። በገጠርም በከተማም ስንሰማቸው የነበሩ የስፖርትና የመዝናኛ ዝግጅቶች ስፖንሰራቸውን ሲያጡ የአየር ሰዓት መክፈያ አጡ። የኅትመቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረቀቱ ሲወደድ አንባቢ ሊከፍለው የሚችለው ዋጋ ከወጪው ይበልጥ ይርቃል፤ ያን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ያው ባንክና ያው ሪል ስቴት ነው። ያጎረሰን እጅ መንከስ ለማንም ይከብዳልና የባንኩን የብድር አሠራር ወይም የሪል ስቴቱን ያልተፈጸመ ውል የሚመረምር ዘገባ እምብዛም አታዩም።

ደሴ የራስዋ የግል ጋዜጣ የሌላትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከተማዋ አንባቢ፣ ጸሐፊ ወይም ዜና አጥታ አይደለም። ነገር ግን የባንኮቹ፣ የኢንሹራንሶቹና የትልልቆቹ አስመጪዎች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ የማስታወቂያ በጀታቸው የሚወሰነውም እዚያው ነው። የሰኞ ገበያ የእህል ነጋዴ ወይም የፒያሳ ጨርቅ ሻጭ ደንበኛው በመልኩ ስለሚያውቀው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት አያስፈልገውም፤ አዲስ ሱቅ ሲከፍት ሞንታርቦ የጫነ መኪና በከተማው ቢያዞር ይበቃዋል። እንግዲህ አስነጋሪ በሌለበት፣ የጋዜጣ ሁለተኛው ሽያጭ የለም ማለት ነው።

ለተማሪዎችዎ አንድ ነገር ይጨምሩላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ይህ ግዴታ ምን ያህል እንደተከበረ አድማጭ ሁሉ ይፈርዳል፤ ቢያንስ ግን ዜጋው ጽሑፍ ጠቅሶ ሊጠይቅበት የሚችል ቃል ነው። በማስታወቂያ የሚኖረውን ጣቢያ ግን «ስለ ደላንታ ገበሬ ለምን አትዘግብም?» ብሎ የሚጠይቅበት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት የምሠራ ነኝ። ጋዜጠኞች ሲመጡ ኃላፊዎችን ያነጋግራሉ፣ እኛን በማሽኑ ላይ ጎንበስ እንዳልን ይቀርጹናል፣ ማታ ስንሰማ ፋብሪካው ስላስገኘው ዶላርና ስለፈጠረው የሥራ ዕድል ይነገራል። ደመወዛችን ለቤት ኪራይና ለምግብ እንደማይበቃ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ጋዜጠኞቹ ስለሚፈሩ ነው ወይስ እኛ ዜና ስለማንሆን ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ አፍሬአለሁ። በወጣትነቴ ሪፖርተር ሳለሁ አንድ ፋብሪካ ሲመረቅ በድርጅቱ መኪና ሄጄ፣ ምሳውን በልቼ፣ አበሉንም ፈርሜ ወስጃለሁ። ስንወጣ በር ላይ ሦስት ሴቶች ይዘውኝ ስለ ደመወዛቸው ነገሩኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ ዜናው ላይ ግን አልጻፍኩትም። ማንም አልከለከለኝም። የዜናው ርዝመት፣ የመኪናው ደግነት፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና እንድንጠራ መፈለጋችን በቂ ነበር። እርስዎ «ፍርሃት ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ በእኔ ላይ የደረሰው ፍርሃት አልነበረም፤ ውለታ ነበር። ባለጉዳዩ የጋዜጠኛውን መጓጓዣና አበል እስከ ከፈለ ድረስ፣ በሌላ አነጋገር የዜና ክፍሉ የራሱ መኪናና የራሱ በጀት እስከሌለው ድረስ፣ ይህ ውለታ በየፋብሪካው ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ዜና አንሆንም ወይ ያሉት፣ ከዚህ የከበደ ነው። በእንግሊዝ አገር የሠራተኛው ማኅበራት ንቅናቄ የቆመለት «ዴይሊ ሄራልድ» የተባለ ጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በቀን 2 ሚሊዮን ቅጂ በመሸጥ በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ ነበር። ይህ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲዘጋ እንኳ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር፤ እጅ ለእጅ ሲተላለፍ የሚያነቡት ሰዎች ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በዚያን ዘመን ታላቅ ክብር የነበረው «ዘ ታይምስ» እንኳ የዚህን ሩብ ያህል አንባቢ አልነበረውም። ታዲያ ለምን ተዘጋ? አንባቢዎቹ የማዕድን ቆፋሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ጡረተኞች ስለነበሩ ነው። ከአገሪቱ ዕለታዊ ጋዜጦች ሽያጭ 8 በመቶ ገደማ ይዞ ሳለ ከማስታወቂያው ገንዘብ ግን ያገኘው 3.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ አስነጋሪው ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው መኪናና የባንክ አገልግሎት ሲያስተዋውቅ ገንዘቡ እንደባከነ ይቆጥራልና። በምትኩ የወጣው ጋዜጣ «ዘ ሰን» ተባለ፤ ከኒው ዮርኩ የዴይ ጋዜጣ ጋር በስም ብቻ ይመሳሰላል፤ ከላይ የጠቀስኩት መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1969 ገዝቶ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ሰጠው።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ሀብታሙንና ድሃውን፣ ባለ ማዕረጉንና ተራውን ሳይለይ ስለሚያበላ ነው ይባላል። የማስታወቂያ ገበያ ይጠየፋል። የእርስዎን ጆሮ የሚገዛው ስለሌለ ስለ እርስዎ የሚዘግበውም ይጠፋል፤ በጋዜጠኛው ልብ ውስጥ ክፋት ባይኖርም ውጤቱ ይኸው ነው። የፋብሪካው ባለቤት፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅና የውጭ ገዢው ግን የሚነበቡም የሚሸጡም ስለሆኑ ስለ እነርሱ የሚጻፍ የቢዝነስ ገጽ በየሳምንቱ አለ፤ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ በየሳምንቱ የሚጻፍ ገጽ ግን አላየሁም።

ጋዜጠኛ እንደገና ወደ ፓርኩ ቢመጣ ሊነግሩት የሚገባ ነገር ልጠቁምዎት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። «ደመወዛችን አነሰ» ሲሉት እንደ ግል ብሶት ሊያልፈው ይችል ይሆናል፤ «በአዋጁ የተባለው ቦርድ የት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁት ግን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስልክ ደውሎ የሚያጣራው፣ በአንድ መስመር የሚጻፍ ዜና ሰጡት ማለት ነው። የወር ወጪዎን፣ ኪራዩን፣ የምግቡንና የትራንስፖርቱን በወረቀት ጽፈው ቢይዙ ደግሞ ከማንኛውም ምሬት ይልቅ ይናገርልዎታል።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ባለቤትም አስነጋሪም የማያዘኝ የራሴን የዩቲዩብ ቻናል ከፍቼ ስለ ደሴና አካባቢዋ መሥራት አስቤአለሁ። ከዚህ ሁሉ ነገር ነፃ አያወጣኝም?

መልስ፦ ቻናሉን ክፈቱ፤ አትተዉት። ነፃ ያወጣኛል ያሉትን ግን ልቀበለው አልችልም። ዩቲዩብን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ትዊተርንም ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ወስዶታል። ከቀድሞው የጋዜጣ ባለቤት የሚለዩት ጋዜጠኛ ሳይቀጥሩ የጋዜጠኛውን የማስታወቂያ ገንዘብ መሰብሰባቸው ነው። በአሜሪካ የጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ49 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወርዷል።

ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ለማካፈል ከሚያስቀምጣቸው መመዘኛዎች አንዱ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው። ይህን ካለፉ በኋላ ሌላ ፈተና ይጠብቅዎታል፤ አስነጋሪዎች በአሜሪካ ለሚኖር አንድ ተመልካች የሚከፍሉት ደሴ ላይ ሆኖ ለሚያይ ተመልካች ከሚከፍሉት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሳያስቡት ርዕስዎን፣ ሰዓትዎንና ቁጣዎን ጭምር በዋሽንግተን ላለው ሰው ማስተካከል ይጀምራሉ፤ የሆጤ ሠፈር የውሃ መቋረጥ ዕይታ አያመጣም፣ አገር የሚያናጋ ወሬ ግን ያመጣል። በዚህ መንገድ ስንቱ ጥሩ ልጅ ከአካባቢ ዜና ወደ ጩኸት እንደገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርስዎም እንዲገቡበት አልፈልግም።

ባለ አክሲዮን የሌለበት አደረጃጀትም በዓለም ላይ አለ። የእንግሊዙ «ዘ ጋርዲያን» እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ትርፉን ለግለሰብ በማያከፋፍል የአደራ ተቋም (ትረስት) ሥር ነው፤ ቢቢሲ ደግሞ በዋናነት የሚኖረው ቤተሰቦች በሚከፍሉት የፈቃድ ክፍያ ነው። በእኛም አገር ሕጉ ከመንግሥትና ከንግድ ሌላ የማኅበረሰብ ራዲዮን ለይቶ ያውቃል፤ ይህን ዓይነቱን ፈቃድ ከጓደኞችዎ ጋር አብረው ቢያጠኑት መልካም ነው። እስከዚያው ግን የሚከታተሉዎትን የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ስልክ ቁጥር፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቁ፣ በራስዎ መዝገብ ይያዙ፤ ዩቲዩብ ነገ ቻናልዎን ቢዘጋው መዝገቡ በእጅዎ ይቀራል፣ ከ1,000ዎቹ ውስጥ 200ው በወር ጥቂት ብር ቢያዋጡም ለአንድ ዘጋቢ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወሎው ቦረና ወርዶ መመለሻ የትራንስፖርት ወጪ ይሆናል።